የወደቀው ሰውዬ

አቶ ወልደየስ አስፋው ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተዘርግተው ሲገኙ በቀኝ እግራቸው የቤት ጫማ ነበር፤ ግራ እግራቸው ግን በካልሲ ብቻ ነበር። ሳቢራ ጠልሀ ጎንበስ ብላ መጀመሪያ ያየችው ይህንን ነው። ቀጥሎ ያየችው በግራ መዳፋቸው ላይ ያለውን ጥቁር የቆዳ ጓንት ነው። ጣቶቻቸው ጓንቱን አልጨበጡትም። መዳፋቸው ላይ ተቀምጦ ነበር እንጂ።

«ሲታገሉ ከገዳዩ እጅ ላይ መንጭቀው አውጥተውታል» አለ ዲቴክቲቭ ራሞስ ከደረጃው አናት ላይ ሆኖ። «ጓንቱ የልጃቸው ነው። እንደ እኔ ጉዳዩ አልቋል።»

ሳቢራ ጓንቱን ማየቷን ቀጠለች። ድንገተኛ ሞት በደረሰበት ቤት ሁሉ እየገባች አሟሟቱን የምታጣራ የመንግሥት መርማሪ ናት፤ በዚህ ሥራ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይታለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከአዲስ አበባ ባሕር ተሻግራ መጥታ አውሮራ ከተማ ያደገች ስለሆነች የሀበሻ ቤት ሲሆን ቢሮው የሚልከው እሷን ነው። ራሞስ ጎበዝ ፖሊስ ነው፤ ችኩል መሆኑ ብቻ ነው ጥፋቱ።

መጋቢት ወር ነበር፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ። ከሌሊት ጀምሮ የወረደው በረዶ የግሪን ቫሊ ራንች ሰፈርን አዳዲስ ቤቶች አንድ ዓይነት አድርጓቸዋል። በረዶው እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ስላላቆመ በግቢው ውስጥ የቀረ የእግር ዱካ የለም።

ምድር ቤቱ የአቶ ወልደየስ የሥራ ክፍል ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ይዘው ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1900 እስከ 1930 ባለው ጊዜ እንግሊዝኛ ውስጥ የገቡትን አዳዲስ ቃላትና የመንደር አነጋገሮች እያንዳንዳቸውን ከአማርኛ ትርጉማቸው ጋር በአንድ ካርድ ላይ ይጽፋሉ፤ ካርዱን በተራ ቁጥር ያስቀምጡታል። ሳቢራ መሳቢያውን ስባ ጥቂቱን አነበበች።

«ፎኒ። 1900። የውሸት፤ እውነተኛ መስሎ የቀረበ።»

«ጂንክስ። 1911። ሰውን የሚከተል መጥፎ ዕድል።»

«ሃይጃክ። 1923። መጀመሪያ የተባለው የተከለከለ አረቄ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ለሚቀሙ ሽፍቶች ነው።»

ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው። በየካርዱ ጥግ ላይ «ተሰማ» የምትል ቃል በቀይ እስክሪብቶ ተጽፋለች። ሳቢራ ካርዶቹን በአውራ ጣቷ እየገለጠች ቁጥራቸውን ተከተለች። ከ211 ቀጥሎ ያለው 213 ነው።

ወደ ላይ ወጣች። የምድር ቤቱ ደረጃ የሚጀምረው ከዋናው በር አጠገብ ነው። በሩ ሥር የጫማ መደርደሪያ አለ፤ ሁሉም ነገር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተደርድሯል። መሃል ላይ ግን ሁለት ነጠላ ዕቃዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የቀኝ እጅ ጥቁር ጓንት ነው። ሌላው የአቶ ወልደየስ የግራ እግር የቤት ጫማ ነው።

ሳቢራ እዚያ ብዙ ቆመች።

ሬሳውን ያገኙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ንዋይ ነው፤ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፣ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፣ በትርፍ ጊዜው ካርዶቹን ኮምፒውተር ላይ ይተይባል። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ብርቅነሽ ናቸው፤ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ለሦስት ዓመት ለአቶ ወልደየስ ምግብ ሲያበስሉና ቤት ሲያጸዱ የኖሩ የአውሮራ ነዋሪ። ሳቢራ መጀመሪያ ወይዘሮ ብርቅነሽን ወጥ ቤት ውስጥ አነጋገረቻቸው። ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«እማማ፣ እንዴት እንዳገኟቸው ይንገሩኝ።»

«በአራት ሰዓት መጣሁ። ንዋይ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በቁልፌ ከፈትኩ። የደረጃው በር ወለል ብሏል። ወደ ታች አየሁ፤ ጮህኩ።»

«ትናንትስ እዚህ ነበሩ?»

«እስከ ምሽት። ልጁ መጥቶ ሲጮህበት ነበር። ‹አንድ ቀን ከዚህ ደረጃ ላይ ትወድቃለህ› ሲለው በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጓንቱም የሮቤል ነው።»

ሳቢራ ስለ ጓንቱ አልጠየቀቻቸውም ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሦስት ዓመት አብረው ኖረዋል። በጣም ያሳዝናል።»

«ምን ይሁን ትያለሽ?» አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ። «የወደቀው ሰውዬ እሱ ነው።»

አነጋገሩ ሳቢራን ጆሮዋ ውስጥ ወጋት። ምኑ እንደሆነ ግን ወዲያው አልገባትም።

በማግስቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሮቤል ወደሚኖርበት ወደ ሌክውድ ነዳች። ሮቤል የአቶ ወልደየስ አንድያ ልጅ ነው፤ እዚሁ የተወለደ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው። በሩን ሲከፍት ዓይኑ አብጦ ነበር።

«ፖሊሶቹ እኔ ነኝ ብለው ነው አይደል የሚያስቡት?» አላት ሳትቀመጥ። «ያ ዲቴክቲቭ ሦስት ጊዜ ነው የደወለልኝ።»

«ዓርብ ዕለት ጮኸሃል?»

«የስ፣ ጮኼአለሁ። ዳድ ስትሮክ ከመታው በኋላ ያንን ስቴርስ መውረድ አልነበረበትም። ከኔ ጋር ሙቭ አድርግ አልኩት። ‹መጽሐፉን ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም› አለኝ። ትወድቃለህ አልኩት። አይ ወዝ ስኬርድ! ፈርቼ እኮ ነው የጮህኩት።»

«ጓንትህስ?»

«ተናድጄ ስወጣ ረሳሁት፣ ሁለቱንም። እጄ መሪው ላይ ፍሪዝ አደረገ። ተመልሼ ላምጣው ብል ኩራቴ እምቢ አለኝ።»

«የት ነበር ያስቀመጥከው?»

«ጫማ መደርደሪያው ላይ። ሌላ ቦታ ከጣልኩት እማማ ብርቅነሽ አንስተው እዚያ ነው የሚያደርጉት። ከእጃቸው የሚያመልጥ ነገር የለም።» ድምፁ ተሰበረ። «ላስት የነገርኩት ነገር ትወድቃለህ የሚል ነው። ካን ዩ ኢማጂን?»

ሳቢራ ከሌክውድ ስትመለስ ራሞስ ደወለላት። ጓንት አለ፣ ጠብ አለ፣ የቤቱ ቁልፍም በልጁ እጅ አለ፤ ሮቤልን ነገ ላስረው ነው አላት። እስከ ረቡዕ ድረስ ጊዜ ስጠኝ ብላ ለመነችው። አጉረምርሞ እሺ አለ።

ሰኞ ንዋይን ዳውንታውን ከአንድ ሆቴል ጀርባ፣ ቫኑ ውስጥ መንገደኛ ሲጠብቅ አገኘችው። ጎኑ ገብታ ተቀመጠች።

«ጋሽ ንዋይ፣ የጎረቤት በር ላይ ካሜራ አለች። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይሄ ቫን ከቤቱ ፊት ቆሞ ይታያል። እርስዎ ግን በአራት ሰዓት ነው የመጣሁት ብለዋል።»

ንዋይ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። 

«ስሜ ሽፋኑ ላይ እንዲገባ ፈልጌ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ስድስት መቶ ቃል የተየብኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ በስልክ ተጣላን። ቅዳሜ ቀደም ብዬ ሄጄ ጋሽ ወልደየስን ይቅርታ ልጠይቃቸው አሰብኩ። ደወሉን ተጫንኩ። ከበሩ ኋላ ድምፃቸው ይሰማል። ያነባሉ።»

«ከበሩ ኋላ? ከምድር ቤት ሳይሆን?»

«ከምድር ቤት ቢሆን በምን ይሰማኛል? እዚሁ፣ አፍንጫዬ ሥር። ደወሉ ሲጮህ ዝም አሉ። ከዚያ ንባባቸውን ቀጠሉ። አውቀው ናቁኝ ብዬ ተናድጄ ሄድኩ። በኋላ ሞተው ሲገኙ ማን ያምነኛል ብዬ ዋሸሁ።»

«ምን ነበር የሚያነቡት?»

«አማርኛ ነው። ቃሉን አልለየሁትም።»

«ለእርስዎ እንዲህ ጮክ ብለው አንብበውልዎት ያውቃሉ?»

«ለእኔ ለምን? እኔ ካርዱን አንስቼ እተይባለሁ። የሚያነቡት ለወይዘሮ ብርቅነሽ ብቻ ነው። እሳቸው እንግሊዝኛ አያውቁም። ‹ትርጉሙ ለእሳቸው ከገባ ለሁሉም ይገባል› ይሉ ነበር። ከገባቸው ጋሽ ወልደየስ ጥጉ ላይ ‹ተሰማ› ብለው ይጽፉበታል።»

«ቁጥር 212 የትኛው ቃል ነው?»

ንዋይ ስልኩን አውጥቶ ፋይሉን ፈለገ። «ፎል ጋይ። 1904። ‹የሌላውን ጥፋት እንዲሸከም የሚደረግ ሰው።› ይቺን መጽሐፉ ውስጥ እንዳላስገባት ነግረውኛል። ሐሙስ ሲደውሉ ‹212ን ክፍት ተዋት፣ እንደገና ጽፌአታለሁ። የራሴን ጉዳይ ጨምሬባታለሁ› አሉኝ።»

ሳቢራ ከቫኑ ልትወርድ በሩን ከፈተችና ተመለሰች።

«አንድ ነገር ብቻ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ስለ ጋሽ ወልደየስ ሲያወሩ ‹እሱ› ብለው ያውቃሉ?»

«እሳቸው? በፍጹም! ‹ጋሼ› ነው የሚሉት፣ ‹እሳቸው› ነው። አንዴ እኔ በንግግር መሃል ‹እሱ› ብዬ አምልጦኝ በሰው ፊት ተቆጥተውኛል።»

ያኔ ነው ሳቢራ ቅዳሜ ዕለት የወጋት ነገር የገባት። ሰው ሲሞት አክብሮቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ትናንት አንቱ ሲባል የኖረ ሰው ሬሳው ሳይነሳ ‹እሱ› ከተባለ፣ በዚያ መካከል አንድ ነገር ተፈጥሯል። ይህንን ለራሞስ በእንግሊዝኛ እንዴት አድርጋ ትነግረዋለች? በእንግሊዝኛ ሁሉም ወንድ አንድ ‹ሂ› ብቻ ነው።

ማክሰኞን በአቶ ወልደየስ መጻሕፍት መደርደሪያ ፊት አሳለፈች። በአስተርጓሚነት ለሠሩበትም ከጡረታ በኋላ ላለውም ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ማስታወሻ ደብተር ነበራቸው። ያላወቁትን ቃል ከነጉዳዩ ይመዘግቡበታል። ሳቢራ የምትፈልገውን ያገኘችው በ2007 ደብተር ውስጥ ነው፤ ከታች፣ በሌላ ቀለም፣ በዓመቱ የተጨመረ አንድ መስመር፦ «ፎል ጋይ ማለት የወደቀ ሰው አይደለም!! ታደሰ በድሉ። አምላኬ ሆይ።» ከሦስት ዓመት በፊት በጻፉት ደብተር ደግሞ፦ «እናቱን አገኘኋት። አውሮራ ናት። የቤት ሥራ ትፈልጋለች አሉኝ።»

ቢሮዋ ተመልሳ የታደሰ በድሉን ስም በፍርድ ቤትና በሟቾች መዝገብ ውስጥ ፈለገች። በ2012 እስር ቤት ውስጥ በሳንባ ምች የሞተ፣ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት። የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ብቻ ነው፦ እናት፣ ብርቅነሽ ዘገየ።

ሳቢራ ኮምፒውተሩን ዘግታ ተቀመጠች። እሷም በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለአባቷ በየክሊኒኩ ታስተረጉም ነበር። ያልገባትን ቃል ስንቴ በግምት አልፋዋለች! አንዱም ሰው አልገደለም። ዕድል ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በአቶ ወልደየስ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሮቤል መስኮቱ ጋ ቆሟል። ንዋይ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ወይዘሮ ብርቅነሽ የእንግዳ ወንበር ላይ ናቸው፤ ከጎናቸው እምነት የምትባል ወጣት የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ተቀምጣለች። ራሞስ በሩን ተደግፎ ቆሞ ማንም መናገር እንደማይገደድ፣ ጠበቃ መጠየቅ እንደሚችል ተናገረ። እምነት እያንዳንዱን ቃል ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ከጫማው ልጀምር» አለች ሳቢራ በአማርኛ፤ እምነት ለራሞስ ወደ እንግሊዝኛ ትመልስለት ጀመር። «አቶ ወልደየስ ሲወድቁ አንድ ጫማቸው ከእግራቸው ወልቆ ደረጃው አናት ላይ ቀረ። ይህ ያጋጥማል። ግን እኛ ስንደርስ ጫማው ደረጃው ላይ አልነበረም፤ መደርደሪያው ላይ፣ ቦታው ገብቶ ነበር። የሞተ ሰው ጫማውን አያነሳም። እንግዳ የሆነ ገዳይም አያነሳም። ያነሳው፣ መሬት ላይ የወደቀ ዕቃ አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ነው። እጁ ከልቡ ቀድሞ የሚሠራ ሰው።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ እጃቸውን አላንቀሳቀሱም።

«ሁለተኛው ጓንቱ ነው። ሮቤል ሲታገል አንዱ ጓንት ተመንጭቆ ከወጣ ሌላውን እጁ ላይ አድርጎ ይሮጣል እንጂ መደርደሪያ ላይ አስተካክሎ አይሄድም። ጓንቶቹ ከዓርብ ጀምሮ አብረው እዚያው ነበሩ። አንድ ሰው ግራውን አነሳና ወደ ታች ወርዶ በሟቹ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። በተነሳው ጓንት ቦታ ደግሞ ጫማውን አኖረው። ለዚህ ነው ሁለት ነጠላ ዕቃዎች ጎን ለጎን የተገኙት።»

«ሆሊ…» አለ ሮቤል፤ ሳይጨርሰው ቀረ።

«ሦስተኛው ጋሽ ንዋይ የሰሙት ነው። ቅዳሜ ሁለት ተኩል ላይ አቶ ወልደየስ ደረጃው አናት ላይ ቆመው በአማርኛ ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። ደወል ተደውሎም አላቆሙም፤ የሚሰማቸው ሰው ቀጥሉ ብሏቸዋል። ጮክ ብለው የሚያነቡት ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እማማ፣ እርስዎ የዚያን ዕለት የመጡት በአራት ሰዓት አይደለም። ቀድመው መጥተው፣ በጓሮ በር ወጥተው፣ በአራት ሰዓት እንደገና መጡ።»

ንዋይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ምን አድርገውኝ ነው እሳቸውን የምገድለው?» አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ በዝግታ።

«ዛሬ ‹እሳቸው› አሉ። ቅዳሜ ግን ‹የወደቀው ሰውዬ እሱ ነው› ነበር ያሉኝ። ይህንን አባባል አንድ ደብተር ውስጥ አገኘሁት።» ሳቢራ ወደ ራሞስ ዞረች። «በ2007 እዚህ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አንድ ደንበኛ በብረት ተመትቶ ሞተ። ብረቱ የተገኘው እዚያ ይሠራ ከነበረው ከታደሰ በድሉ የዕቃ ሳጥን ውስጥ ነው። ጥያቄ ያቀረበለት ፖሊስ ግን ተጠራጥሮ ነበር። ብረቱን ሌላ ሰው ከቶበት ሊሆን ይችላል ብሎ ‹አንተ ፎል ጋይ ነህ?› ሲል ጠየቀው። አስተርጓሚው ቃሉን አያውቀውም። ‹የወደቀው ሰውዬ አንተ ነህ?› አለው። ታደሰም ‹አይደለሁም፣ እኔ አልወደቅኩም› አለ። ‹አይደለሁም› ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ሄደ። በፍርድ ቤት፣ ‹ሌላ ሰው አላኮብህ ነው ወይ ተብሎ ተጠይቆ ራሱ አይደለም ብሏል› ተብሎ ተፈረደበት።»

እምነት ይህንንም ለራሞስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችለት። 

«ታደሰ የአባቱን ስም ነው የሚጠራው፤ እናቱ ደግሞ የራሷን አባት። ለዚህ ነው ማንም ሁለቱን ያላገናኛቸው። አቶ ወልደየስ ግን ያውቁ ነበር። ፈልገው ነው ያገኙዎት እማማ፤ አውቀው ነው የቀጠሩዎት። ሐሙስ ዕለት ካርዱን አነበቡልዎት። በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም አያውቁም ነበር።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ሮቤልን አዩት። እሱም አያቸው።

«ለምንድን ነው ጓንቴን?» አላቸው ሮቤል። «እኔ ምን አደረግኩዎት?»

በእሳቸው ፈንታ ሳቢራ መለሰችለት። «አንተ ልጁ ስለሆንክ ነው። ልጅ በልጅ። ያልሠራኸውን ተሸክመህ ትገባ ነበር።»

ከዚያ ሳቢራ ወንበር ስባ ከወይዘሮ ብርቅነሽ ፊት ተቀመጠች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ይቀራል። ካርዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያቃጥለው ነበር። እርስዎ ግን እንዳላቃጠሉት አውቃለሁ። ታደሰ ጥፋተኛ አለመሆኑን በገዛ እጁ ጽፎ የፈረመ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። ደብተሩ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፤ ለዳኛ አይበቃም። ካርዱን ከደበቁት እኔ እርስዎን ማሰር ሊከብደኝ ይችላል። ካወጡት ደግሞ የልጅዎ ስም ይጠራል። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

 ወይዘሮ ብርቅነሽ የካፖርታቸውን የውስጥ ኪስ ከፈቱ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ ካርድ አወጡ፣ ለእምነት ሰጧት።

«ጮክ ብለሽ አንብቢው። ለሁሉም፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። እንዳትሳሳቺ።»

እምነት ፕላስቲኩን ፈትታ አነበበች።

«‹ፎል ጋይ። የሌላውን ጥፋት እንዲሸከም የሚደረግ ሰው። እኔ ይህንን ቃል ባለማወቄ ታደሰ በድሉ የተባለ ወጣት ራሱን መከላከል ሲችል አፉን ዘጋሁበት። ስህተቴን በዓመቱ አወቅሁ። ሥራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ። ይህንን ለእናቱ አነባለሁ። ወልደየስ አስፋው።›»

«በዓመቱ!» አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ሰምታችኋል? በዓመቱ! ስህተቱን ይቅር እለው ነበር። ቃል ነው፣ ማንም ይሳሳታል። ልጄ የሞተው በአምስተኛው ዓመት ነው። አራት ዓመት ሙሉ እያወቀ ተቀመጠ። ከዚያ እኔን አስመጥቶ እንጀራዬን በላ፣ ‹ተባረኪ› አለኝ፣ እኔም ‹ጋሼ› አልኩት። ሐሙስ እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ቅዳሜ እንነጋገር አልኩት።»

«እማማ፣ ጠበቃ…» አለች ሳቢራ።

«ጠበቃ አልፈልግም። ቅዳሜ ማልጄ መጣሁ። ‹እስቲ እንደገና አንብብልኝ› አልኩት። ካርዱን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። አነበበ። ደወል ተደወለ፤ ‹ቀጥል› አልኩት። ሲጨርስ ‹ልጄን የጠየቅከውን ጥያቄ ንገረኝ፣ ያኔ እንዳልከው አድርገህ› አልኩት። ‹የወደቀው ሰውዬ አንተ ነህ?› አለ። ‹አይደለም፣ አንተ ነህ› አልኩና ገፋሁት።»

እምነት ትርጉሙን መሃል ላይ አቆመች። ወይዘሮ ብርቅነሽ ዞረው አዩዋት።

«ገፋሁት ነው ያልኩት። ተንሸራተተ አላልኩም። በደንብ ንገሪልኝ።»

ነገረችላቸው። ራሞስ ከበሩ ተነሳ።

ሮቤል መስኮቱን ለቆ መሃል ላይ ቆመ።  «ይቅርታ ይጠይቁኝ» አላቸው። «ስለ ዳድ አይደለም። ስለ እኔ ብቻ።»

«አልጠይቅህም» አሉት። «እንዲህ ቆመህ ሌላ ሰው ስለ አንተ ሲመሰክርልህ አይቻለሁ። ለታደሰ ማንም አልቆመለትም።»

ከራሞስ ጋር ወጡ። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ላይ ውሃ ይወርድ ነበር።

ወይዘሮ ብርቅነሽ ጥፋታቸውን አምነው አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው። ንዋይ መዝገበ ቃላቱን ጨረሰው፤ ስሙን ግን ሽፋኑ ላይ አላስገባም። ሮቤል የአባቱን ቤት ሸጠ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ማንም ያልጠየቀውን ነገር አደረገ። ካርዱንና ደብተሩን ይዞ ጠበቃ ቀጠረና የታደሰ በድሉ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ አመለከተ። ሳቢራም መሰከረች። በዓመቱ ጥቅምት ላይ ዳኛዋ የ2007ቱን ፍርድ ሻረችው።

ሳቢራ ያንን ዕለት በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ነዳች። ወይዘሮ ብርቅነሽ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጠው ስልኩን አነሱ። ከስተዋል።

«ተሻረ» አለቻቸው ሳቢራ። «ዛሬ ጠዋት፣ በአደባባይ።»

«ስሙን ከነአባቱ አነበቡት?»

«አነበቡት። ታደሰ በድሉ፣ ጥፋት የለበትም ተባለ።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳቢራ እስኪያለቅሱ ጠበቀች። አላለቀሱም። ሲከፍቱት ዓይናቸው ደረቅና ንቁ ነበር።

«የእሱንስ?»

«የማንን?»

«የእሱን ስም። ያደረገውን። አነበቡት?»

 በችሎቱ አዳራሽ ከፊት ወንበር ተቀምጦ የነበረው ሮቤል፣ የአባቱ ስም ሲጠራ አንገቱን እንዴት እንደደፋ ሳቢራን ትዝ አላት።

«አነበቡት» አለች። «ልጁም ሰማ።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስልኩን በቀስታ ቦታው ላይ ሰቅለው ተነሱ፤ ወደኋላ ሳይዞሩም ገቡ።